የባናው የመጨረሻ ክንድ

በአምስተኛው ቀን ጠዋት የሁሉም አልቆ የእኔ ብቻ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር። አስራ ሁለት ሴቶች ነበርን። አስራ አንዱ ባናቸውን አጥፈው፣ በገመድ አስረው፣ ደጀ ሰላሙ ግድግዳ ሥር ደርድረዋል። እኔ መርፌዬን እንደያዝኩ በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ካለበት ተቀምጫለሁ። ሰንፌ አይደለም። ሁለት ጊዜ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ስለተረተርኩት ነው።

በየዓመቱ በዐቢይ ጾም መሃል፣ ከመሃል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የገጠር ደብር እንሰበሰባለን። ዓመቱን ሙሉ በየቤታችን የተፈተለው የበግ ጠጉር ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው ጠባብ ጠባብ አድርጎ ይሠራዋል፤ እኛ በእነዚያ አምስት ቀናት ሁለቱን ቁራጭ ጎን ለጎን ገጥመን እየሰፋን ባና፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እናደርገዋለን። ባናው የሚሰጠው በደብሯ ዙሪያ በየጎጆው ለሚያድሩት የአብነት ተማሪዎች ነው። የእነሱን ድርሻ የጨረሰች ሴት ለራሷ ቤት አንድ ትሰፋለች፤ እሱ ተፈቅዷል። እኔ ደብረ ብርሃን የማስተምር የከተማ ሰው ነኝ፤ ድርሻዬን የምትፈትልልኝ እህቴ ናት። ይህን ሁሉም ሴቶች ያውቃሉ፤ ጨዋ ስለሆኑ አያነሱትም። አንዷ ብቻ አልፎ አልፎ "እጅሽ እንዴት ለስልሷል" ትለኛለች።

ባና ለብቻ አይሰፋም። አንዷ ስትሰፋ ሌላዋ ትይዩዋ ተቀምጣ የሁለቱን ቁራጭ ጫፍ ወጥራ ትይዝላታለች። ስፌቱ ከተንጋደደ ወቀሳው የሰፊዋም የያዧም ነው። ለእኔ ጫፍ የሚይዙልኝ እማሆይ ነበሩ። እማሆይ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው ራቤል ከተማ መግቢያ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቴ ደግሞ በከተማው በዚያኛው ጫፍ፣ ከእህቴና ከባሏ ጋር ነበረች።

የተማሪዎቹን ጨርሼ የያዝኩት ያ ባና የእናቴ ነበር። ክሩን የፈተለችው እሷ ናት፤ ዓይኗ ከመጥፋቱ በፊት የፈተለችው የመጨረሻው ክር ነው። ለዓመታት በጆንያ ታስሮ ቆጥ ላይ ተቀምጦ ሳለ እህቴ ቤት ስታጸዳ አገኘችው፤ እኔ ወስጄ ለሸማኔ ሰጠሁት። እናቴ በአገራችን በጊሼ በክሯ የታወቀች ሴት ነበረች። የእኔን ክር አንድ ቀን በሁለት ጣቷ አሻሽታ "ይህ ክር ነው ወይስ የበሬ ጠፍር?" ብላኛለች። ያኔ ልጆች ወልጄ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዝርት አልነካሁም። እሷም አልጠየቀችኝም።

ከጥምቀት ጀምሮ አልጋ ላይ ነበረች። ወደ ደብሯ ከመሄዴ በፊት ልጠይቃት ገብቼ ነበር። እግሬ አልነሳ ብሎኝ ሳመነታ አየችኝ፤ አየችኝ ማለት ዝምታዬን ሰማች።

"ሂጂ" አለችኝ። "ባናዬን ጨርሰሽ ነይ። ይኸ ብርድ ካጥንቴ አልወጣ ብሏል። ስፌቱን ብታንጋድጂው ግን ዳስሼ አውቀዋለሁ።"

እህቴ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። አምስቱን ቀን በሙሉ የእናቴ ጣት ስፌቱ ላይ ሲሄድ ይታየኝ ነበር። ሁለት ጊዜ የተረተርኩትም ለዚህ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ ስንት ተማሪ በቀይ እስክሪብቶ ያረምኩ፣ በአንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ጣት ተፈትኜ ማለፍ አማረኝ።

ቄሱ ባናዎቹን ባርከው፣ ቆሎ ለመንገድ ተቋጥሮ፣ "ለከርሞ በሰላም ያድርሰን" ተባብለን ተለያየን። ዘጠኙ ሴቶች በእግርና በፈረስ ወደየአገራቸው ገቡ፤ አንዷ ወደ መሃል ሜዳ ተመለሰች። እኔና እማሆይ የራቤሉን ቅጥቅጥ አውቶቡስ ልንጠብቅ ወደ መንገዱ ወጣን። ባናውን ከነመርፌው ጠቅልዬ በጀርባዬ አዝያለሁ።

"የቀረውን ቤት ትጨርሺዋለሽ" አሉኝ እማሆይ።

"እናቴ ፊት ቁጭ ብዬ? ገና ስደርስ ሳታዳብሰው አታልፍም እኮ" አልኳቸው።

ስልኬ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ባትሪው አልቆ ጠፍቶ ነበር። ደብሯ መብራት የላትም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ማንም አልደወለልኝ፣ ማንም "ቲቸር" አላለኝ። ያንን ደስታዬን አሁን ሳስበው ያመኛል።

ቅጥቅጡ በሦስት ሰዓት መጣልን። ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ሲጥል አድሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል። ጓሳ ላይ ስንወጣ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ እንደ ኤሊ ይሄዳል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም ፍሬን ያዘ። ከፊታችን አንድ ገልባጭ መኪና ተንሸራቶ መንገዱን በአግድም ዘግቶታል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ረግረግ ነው። ሰው እየወረደ መከረ። አንዱ ድንጋይ እናንጥፍበት ይላል፤ አንዱ ትራክተር ይምጣ ይላል። ሹፌሩ "ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው" አለ። በአገራችን "ሁለት ሰዓት" ማለት ምን እንደሆነ ስለምናውቅ ሁላችንም መቀመጫ ድንጋይ ፍለጋ ሄድን።

ጓሳ አናት ላይ ኔትወርክ የሚገኝባት አንዲት ቦታ አለች። እኛ የቆምነው እዚያች ላይ ነበር። እማሆይ ቀሚሳቸው ውስጥ የያዟት ትንሽ ስልክ ጮኸች። አንስተው "አቤት" አሉ፤ ከዚያ ምንም ሳይሉ እያዳመጡ ወደ መኪናው ኋላ ሄዱ። ሲመለሱ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ድረስ ስበውታል። ብርድ መስሎኝ ነበር።

"ማን ነው እማሆይ?"

"የእህትሽ ባል ነው። የት ደረሳችሁ ይላል።"

"እናቴስ?"

"ደህና ናት" አሉኝ። ይህን ሲሉኝ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ገልባጩን ነበር።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ከራቤል በኩል ገብስ የጫነ አይሱዙ መጥቶ ማለፍ ስላልቻለ፣ ጭነቱን ይዞ ሊመለስ መኪናውን ያዞር ጀመር። ከእኛ መሃል ጉልበት ያላቸው በረግረጉ ዳር ተሻግረው ጭነቱ ላይ ወጡ። ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ጋቢና አንድ ሰው እይዛለሁ" አለ። አጠገቤ የነበረች አንዲት ተሳፋሪ በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

"እናትሽ ታማለች አላልሽም? አንቺ ሂጂ እንጂ።"

እውነት ነው፣ ብያለሁ። መንገዱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስናገር ነው የመጣሁት። ተነሳሁ። ጥቅሉን አነሳሁ። ከዚያም የቀረችውን ክንድ አሰብኩ። አሁን ብሄድ በስምንት ሰዓት እደርሳለሁ፤ እንደደረስኩ ባናውን ትጠይቀኛለች፤ ሁለቱ ቁራጭ ጫፉ ላይ ተከፍቶ እንደ ሱሪ እግር ተንጠልጥሎ ታገኘዋለች። መንገዱ ደግሞ ዛሬ መከፈቱ አይቀርም። እግዜር የስፌት ጊዜ የሰጠኝ መሰለኝ። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ላስታውሰው ሞክሬያለሁ፤ ግን እንዲህ ነው ያሰብኩት።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አልኩ ለሴትዮዋ። "ይችን ልጨርስና ማታ እገባለሁ።" ከዚያ ወደ እማሆይ ዞርኩ። "አይሻልም እማሆይ?"

እማሆይ አይሱዙውን አይተው ነጠላቸውን መልሰው ሳቡ። "እንደ ፈቀድሽ ልጄ" አሉ።

ጋቢናው ላይ አንድ ዘይት የያዘ ነጋዴ ወጣ። አይሱዙው ጉሙ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ቆሜ አየሁት።

ከመኪናው አጠገብ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ባናውን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። እማሆይ ትይዩዬ ሌላ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "አምጪ፣ ልያዝልሽ" አሉ። ጫፉን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙልኝ፤ እኔ መስፋት ጀመርኩ። ጣቴ ደንዝዞ ስለነበር በየጥቂቱ እየቆምኩ እተነፍስበት ነበር። ቢሆንም እጄ እንደዚያ ቀን ታዞልኝ አያውቅም። መርፌው የሚገባበትን ራሱ ያውቃል። ከሥራችን ባለው ሣር ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ቁጭ ብለው እየነጩ ይበላሉ። እኔ አወራለሁ። እናቴ ይህን ስትዳስስ ምን እንደምትል፣ ምን ብዬ እንደምመልስላት፣ ከፋሲካ በኋላ ደብረ ብርሃን ወስጄ ሐኪም እንደማሳያት። እማሆይ አንዳንዴ "እህ" ይላሉ። ቀና ስል ዕንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፤ ሁለቱም እጃቸው ባናውን ስለያዘ አይጠርጉትም።

"ምነው?" አልኳቸው።

"ነፋሱ ነው" አሉኝ።

በዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ሰዓቱን የማውቀው ሹፌሩን "ስንት ሆነ?" ብዬ ጠይቄው ስለነበር ነው፤ ሥራዬን በስንት ሰዓት እንደጨረስኩ ለእናቴ ልነግራት ፈልጌ ነበር። ስፌቱን ለእማሆይ አሳየኋቸው። በጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበትና "ተስተካክሏል" አሉ። ምስጋና የጎደለብኝ መስሎኝ ትንሽ ቅር አለኝ።

ገልባጩ በአሥር ሰዓት ተነሳ። ራቤል የገባነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። የእህቴ ባል መናኸሪያው ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሳመኝና "እናታችን ጸበል ሄዳለች፤ እህትሽም አብራት ናት። ነገ በጠዋት ይመጣሉ። ቁልፉን እህትሽ ይዛዋለች፤ አንቺ እማሆይ ዘንድ እደሪ" አለኝ።

"በዚህ ብርድ ጸበል?"

"ተሻላት እኮ። ለዚያ ነው።"

አመንኩት። እንዴት እንዳመንኩት አላውቅም። አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ሰበብ ቢያመጣልኝ ከክፍል አስወጣው ነበር። ግን ተሻላት የሚለውን ቃል ስሰማ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች አይተውኝ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሰላምታ የነፈጉኝ መስሎኝ ታዘብኳቸው።

የእማሆይ ቤት ይበርዳል። እማሆይ ሽሮ ሠሩልኝ፤ እሳቸው አልቀመሱም። ስተኛ ባናውን ፈታሁት። "አንድ ሌሊት ብለብሰው እናቴ አትቆጣም" አልኩ። እናቴ የፈተለችው ክር ከላዬ ሆኖ፣ የሰፋኋት ክንድ አገጬ ሥር ሆና፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። ከአምስት ቀን በኋላ መጀመሪያ የተኛሁት እንቅልፍ ነው። በዚህ ራሴን ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እማሆይ ለብሰው፣ ማሰሮ ውሃ ይዘው ቆመዋል። መጀመሪያ እህቴ ገባች፤ ከኋላዋ አጎቴ፣ ከእሱ ኋላ የእናቴ ጎረቤቶች። ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ቃል አያስፈልግም ነበር። ያደግኩት በዚህ አገር ነው፤ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ ፊት የሚታጠብበት ውሃ ተይዞ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ስንት ቤት ከእንደዚህ ያለ ሰልፍ ኋላ ቆሜያለሁ። "መርዶ ነጋሪ" የሚባለው ሰልፍ ለእኔ መጥቶ ግን አያውቅም ነበር።

ጮህኩ። ያዙኝ። ስረጋጋ የምሰናበታት መስሎኝ ልነሳ አልኩ። "ልያት" አልኩ። አጎቴ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ካህናቱ ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ተቀብራለች።

በዘጠኝ ሰዓት ክር በጥርሴ እበጥስ ነበር።

በሰልስቱ ዕለት፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ እማሆይን ከድንኳኑ ጥግ አገኘኋቸው። ከመርዶው ወዲህ አላናገርኳቸውም ነበር። በአገራችን መነኩሴን ማንም አይቆጣም፤ እኔ ግን ተቆጣሁ።

"የያኔው ስልክ ይህን ሊነግርዎት ነበር?"

"አዎ ልጄ። ጎህ ሲቀድ ነው ያረፈችው።"

"አይሱዙው ላይ ብወጣ በስምንት ሰዓት እደርስ ነበር። ቆመው አዩኝ። አንድ ቃል ቢሉኝ ምን ነበረበት? 'ሂጂ' ቢሉኝ?"

እማሆይ ቆባቸውን አስተካከሉ። "መርዶ በመንገድ ይነገራል? በጉም መሃል፣ ዘመድ በሌለበት፣ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር? ደንግጠሽ ገደል ብትገቢስ? አይንገሯት፣ እርስዎው ይዘዋት ይምጡ፣ ቀብሩን እንጠብቃችኋለን ብለው አዘዙኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኬም ባትሪው አልቆ ጠፋ። እኔ የሚጠብቁን መስሎኝ፤ ካህናቱ ሳይበተኑ እንቅበራት ማለታቸውን በምን ልስማ።"

"እሺ፣ አይንገሩኝ። 'ሂጂ' ማለት ግን ይችሉ ነበር።"

"ሂጂ ብልሽ ብቻሽን ነበር የምትሄጂው። ጋቢና ውስጥ የራቤል ሰው አግኝቶ 'እግዜር ያጥናሽ' ቢልሽስ?" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "ፈራሁ" አሉ። "በጾም ደግሞ ዋሸሁ። እጄ ምን ይሥራ? ባናዋን ያዝኩልሽ። ቢያንስ እሱ ተሰፍቶ ይለቅላት አልኩ።"

ልማዱን እኔም አውቀዋለሁ። ከእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ዝም እል ነበር፤ ስንት ሰው ላይ እንዲህ ዝም ብያለሁ። ግን ያንን ማወቄ ቁጣዬን አላበረደልኝም። እጃቸውን ሳምኩና ከድንኳኑ ወጣሁ፤ ከቤቱ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። እማሆይ ላይ ያለቀስኩት ትንሹን ነው። ብዙው በራሴ ላይ ነበር።

በአርባው ማግስት እኔና እህቴ የእናቴን ልብስ ለድሆች ልንለይ ሳጥኗን ከፈትን። ሦስት ቀሚስ፣ ሁለት ነጠላ፣ አንድ ያረጀ ጋቢ። ባናውንም አመጣሁት፤ እማሆይ ቤት እንደታጠፈ ነበር። ዘርግቼ ስፌቱ ላይ በጣቴ ሄድኩበት። መጀመሪያ የሰፋሁት ላይ ጣት እዚህም እዚያም ይያዛል። የመጨረሻዋ ክንድ ላይ ግን አይያዝም፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሠላሳ ዓመት ብሰፋ ሌላ እንደዚህ ያለ አልሰፋም።

እህቴ ቀሚስ እያጠፈች ነበር። የፈራሁትን ጠየቅኳት። "በመጨረሻ ስለ ባናው ጠይቃ ነበር?"

"የምን ባና?" አለችኝ። ቀና ብላ ጭኔ ላይ ያለውን አየችና ገባት። "አይ፤ ስለ እሱ እንኳ አላነሳችም። አንቺ ከሄድሽ በሦስተኛው ቀን ደከማት፤ ከዚያ ወዲያ ብዙ አላወራችም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር 'መጣች?' ትለኛለች። ገና ነው ስላት ዝም ትላለች። ደግሞ ሲንኳኳ 'መጣች?' ትለኛለች።"

ቀሚሱን አጥፋ ከሌሎቹ ጋር አኖረችው። እኔ ባናውን ጭኔ ላይ እንደዘረጋሁ ቆየሁ።